ሰፊዋን ይዤ ከድሬ እስከ ጉለሌ

«ጉለሌ ምን አለና ሄድሽ?» ለምትሉኝ የሠፈሬ ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ከምመልስ ጽፌው ይውጣልኝ። ምላሴም ደክሟል። መካኒክ ዘንድ ሄጄ ነበር። አዎ፣ ድሬ መካኒክ ሞልቶ ተርፎ እኔ ግን ሁለት ቀን ነድቼ አዲስ አበባ ጫፍ ድረስ መካኒክ ፍለጋ ሄጄ ነበር። ሳቁ፤ ከዚያ አንብቡ።

ሰፊዋን ታውቋታላችሁ። አሜሪካ ሠራሽ ናት፣ ቤንዚን ጠጪ፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ። እኔ ራሴ ሃምሳን ልደፍን ትንሽ ነው የቀረኝ። አባቴ በወጣትነቱ ሾፌር ሆኖ ያገለገለው የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት ሄደ። ስድስት ልጆች የኋላ ወንበሯ ላይ ሳንጋፋ ተቀምጠን ነው ያደግነው፤ ስሟም ከዚያ ወጣላት። የሠፈራችን የከዚራ ሙሽራ ሁሉ በእሷ ነው የተሞሸረው።

አባቴ ዛሬ አያይም። ዓይኑ ቀስ በቀስ ሄዶ ሄዶ ጨለመ። ሰፊዋም አብራው ደከመች፤ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ሞተሯ ኳ ኳ ይላል፣ ጉልበት የላትም። የድሬ መካኒኮች አንድ ቃል ሆኑ፦ «ሞተሩ አልቋል። አውጡትና የጃፓን ናፍጣ ሞተር ግጠሙባት።» ወንድሜ ኻሊድ ሞተሩን ፈልጎ አግኝቶ «ሐምሌ ሳይወጣ ካልዳነች አስገጥማለሁ» ብሎ ቀን ቆረጠ። አባቴ እሺም እምቢም አላለም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ግን ዳቦውን ይዞ ቆም አለና «ከቀየራችሁት አትንገሩኝ፤ ስትነሳ ራሴ እሰማለሁ» አለ። ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ያደገችበት ጉለሌ አንድ ጋሽ ደምሴ የሚባል የድሮ አሜሪካ ማኪና አዋቂ እንዳለ ነገረችኝ። ደወልኩለት። «ነድተሽ አምጫት፤ ተጭና እንዳትመጣ። መንገድ ላይ ምን እንደምትሆን ማየት አለብሽ» አለኝ።

ሰኞ

ፈጅር ሰግጄ ተነሳሁ። አባቴ በር ድረስ ወጥቶ ኮፈኗን በመዳፉ ዳበሰና «በርቺ» አለ። ለእኔ ይሁን ለእሷ አላወቅሁም።

ደንገጎ ዳገት ላይ ጉዴ ፈላ። ጭሱ ከኋላዬ መንገዱን ጋረደው፤ ጫት የጫኑ መኪኖች እየቀደሙኝ ጥሩምባ ይነፋሉ። ቁልቢ አካባቢ በጉም ውስጥ በመጀመሪያ ማርሽ ተጎተትኩ። «ያ ረቢ፣ ኻሊድን አታስቅብኝ» እያልኩ ጭሮ ደረስኩ። ሩዝ በፍየል አዘዝኩ፤ ሩዙ እንደ ድሬ አይደለም፣ ቅመም ቆጥበውበታል፣ ግን ርቦኝ ነበርና ሳህኑን ላስኩት።

ከጭሮ ወዲያ ቁልቁለቱን ወርጄ ሚኤሶ ስገባ ሌላ ማኪና ሆነች። ጭሱ ቀለለ፣ ሙቀቱ ሲመታት ጉልበት አገኘች። ገረመኝ እንጂ ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። የራዲያተሯ ቱቦ በዚያው ፈነዳ። አንድ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ሳልጠራው ቆመ፤ የውስጥ ጎማ ቁራጭ አውጥቶ ቱቦውን ጥምዝዝ አድርጎ አሰረልኝ፣ የራሱን የመጠጥ ውኃ ራዲያተሯ ውስጥ ገለበጠ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ። አላህ በሄደበት ይጠብቀው።

አዋሽ አደርኩ። አልጋው ንጹሕ፣ ማራገቢያው እንደ ሄሊኮፕተር የሚጮኽ፣ ሙቀቱ የአገሬ ሙቀት። ደህና ተኛሁ።

ማክሰኞ

አዋሽ፣ መተሐራ፣ አዳማ፤ እስከዚያ ሸጋ። ከአዳማ ወዲያ መንገዱ ወደ ላይ እያለ ሲሄድ ጭሷ ተመለሰ። አዲስ አበባ ስገባ ዝናብ። የእኛ ዝናብ ይመጣል፣ ይጮኻል፣ ይሄዳል። የእነሱ ግን ተቀምጦ ይዘንባል፣ የትም አይሄድም።

ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለው አቀበት ላይ ሰፊዋ ተንተፋተፈችና ጠፋች። መንገዱን ሙሉ ዘግታ! ከኋላዬ የታክሲ ሰልፍ፣ ጥሩምባ፣ ስድብ። አንድ ሚኒባስ ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እማማ፣ ሙዚየሙ ወደ ታች ነው እኮ!» አለኝ። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፣ «ያንተዋ አርጅታ እዚህ ዕድሜ ከደረሰች ና ንገረኝ!» አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀበት። ሰውየው ግን ወርዶ ገመድ አሰረና እስከ ጋሽ ደምሴ በር ጎተተኝ፤ ተሳፋሪዎቹም አንድ ሰው ሳያጉረመርም አብረው መጡ።

የጋሽ ደምሴ ጋራዥ የራሱ ግቢ ነው፣ ወደ ሸጎሌ የከብት ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ። ከጎኑ የሚያልፈው በግ ነጂ ሁሉ «ያቺ ማኪናዎ ምን ደረሰች?» ሳይል አያልፍም። ሰውየው ሰባ የሆነው ይመስለኛል፣ ቀጭን፣ ሹራብ ላይ ቱታ የደረበ። «ጋሽ ደምሴ፣ አንተ ነህ?» ብዬ እጁን ያዝኩት። ባለቤቱ እትዬ ሰብለ ደንገጥ ብላ አየችኝ፤ ለካ እዚህ ትልቅ ሰው «እርስዎ» ነው የሚባለው። በእኛ አገር አንተ ያልተባለ ሰው እንደተጣላ ነው የሚቆጠረው። ላስተካክል ስል ጋሽ ደምሴ «ተዪው፣ አንተ በይኝ። ሠላሳ ዓመት ቀነስሽልኝ» ብሎ ሳቀ።

አልጋ ልይዝ ስነሳ እትዬ ሰብለ ቦርሳዬን ነጠቀችኝ። «አበደች እንዴ! በዚህ ዝናብ?» በድሬ ስስ ድርያ ቀሚስ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፤ የራሷን ወፍራም ሹራብ አለበሰችኝ። ራት ሽሮ አቀረበችና «ሥጋ ያላቀረብኩልሽ ንፉግ ሆኜ አይደለም፤ እኛ ጴንጤ ነን፣ ሥጋችን አይሆንሽም። መፍትሔ አለው፣ ቆዪ» አለች።

ረቡዕ

ጠዋት ተነስቼ ሥራው ይጀመራል ብዬ ስጠብቅ ጋሽ ደምሴ ወንበር አምጥቶ ሰፊዋ ፊት ተቀመጠ። ዝም ብሎ!

«መቼ ነው የምትከፍታት?» አልኩት።

«ዛሬ አልከፍትም።»

«አቦ ጋሽ ደምሴ! ቀን ተቆርጦብኛል እኮ!»

«ልጄ፣ ያረጀች ማኪና ለመክፈት የሚቸኩል ሰው የሚያገኘውን አያውቅም። ተቀመጪ። ማን ማን ነካት? ምን ምን ነካ? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ሐኪም እንኳ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። አሠራሩ ይኸው ነው፤ የማኪናዋን ታሪክ ሳይሰማ ቁልፍ አያነሳም። እኔም የማውቀውን ዘረገፍኩ። የሞተሯን ውኃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታቷን «ድሬ ሞቃት አገር ነው፣ ምን ያደርጋል» ተብሎ አውጥተው እንደጣሉት ስነግረው ራሱን ያዘ። «ሁሉም ይህንን ነው የሚያደርገው! ውኃው ሳያርፍ ከሮጠ ሞተሩ ሙቀቱን አያገኝም፤ ሞቃት አገርም ቢሆን ብርድ እንደያዘው ይኖራል።» ከፊት ያለውን ነጭ ብረቷን በአመድ እንደምንወለውለው ስነግረው ደግሞ ጮኸ። «አመድ ለድስት ነው! ይኼ ከተላጠ ማን ይመልስልሻል? በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውኃ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ በቃ።»

የመንገዱን ነገር ሳወራለት ግን ቀና አለ። «ድገሚልኝ። ደንገጎ ላይ ታመመች፤ ሚኤሶ ወርዳ ዳነች፤ እዚህ ስትወጣ ሞተች?»

«አዎ።»

«ያለቀ ሞተር ደጋና ቆላ አይመርጥም» አለ። ተነስቶ የዘይት መለኪያ ዘንጓን መዘዘና አሸተተ፤ እኔንም አስሸተተኝ። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። «ከሚገባው በላይ እየጠጣች ነው። የተረፈው ቤንዚን ወርዶ ዘይቱን አቀጠነው፤ ኳ ኳ የሚለው ለዚህ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛባታል፣ ትታነቃለች። ነገ ቤንዚኑን ከአየር የምትቀላቅለውን ካርቡራተሯን እናያለን። ሞተሯን ግን አልነካም።»

አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ግን ቃል አልሰጠኝም፤ «ከተሳሳትኩ ወንድምሽ ልክ ነው» አለኝ። 

ሐሙስ

ካርቡራተሯ ወጣች። እዚህ ጋ አሮጌ ማኪና ያላችሁ ልብ በሉ። ጋሽ ደምሴ ካርቶን ላይ የካርቡራተሯን ቅርጽ በእርሳስ ሣለና እያንዳንዷን ብሎን ከወጣችበት ቦታ ልክ ሰካት። «ሁሉም ብሎን ወንድማማች ይመስላል፤ አይደለም። አንዱ በሁለት ሚሊ ይረዝማል፣ ያለቦታው ከገባ ብረቱን ሰንጥቆ ይወጣል።» ከዚያ እቃውን ሁሉ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሮ ብሩሹን ለእኔ ሰጠኝ።

«እኔ?»

«ነጂዋ ማነው? ሁለተኛ እዚህ ድረስ እንድትመጪ አልፈልግም።»

አጠብኩ። ቤንዚን የምታሳልፈው ትንሽ ቀዳዳ ተደፍናለች ብዬ ሽቦ ላስገባባት ስል እጄን ያዘኝ። «ሽቦ በፍጹም! ናስ ለስላሳ ነው፤ አንዴ ካሰፋሽው ማጥበቢያ የለውም። በአየር ንፊው።»

ከዚያ ተንሳፋፊዋን አወጣ። ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብላ በሩን የምትዘጋ ባዶ የናስ ኳስ ናት፤ የቤታችሁ የውኃ ታንከር ላይ እንዳለችው፣ ትንሽ ብቻ። በመዳፉ መዘናት። ስኒ ውስጥ ቤንዚን ሞልቶ ጣላት። ከላይ መንሳፈፍ ሲገባት ግማሿ ሰመጠ።

«አገኘኋት» አለ። «ተቀድዳ በቀለጠ እርሳስ ተበይዳለች። ብየዳው አያፈስም። ግን እርሳሱ በዛ፣ ከበደች። ከከበደች በሩን አትዘጋም፤ ቤንዚኑ ዝም ብሎ ይፈሳል። ስንት ዓመት በዚህ ኖረች? ማነው የበየዳት?»

ተቀብዬ አየኋት። ብየዳው ጉብጉብ ያለ፣ የተደራረበ፣ ቦታውን የሳተ ነው። ከዳር ግን ሦስት ነጠብጣብ አለ። አባቴ የጎረቤት ማንቆርቆሪያና ሬዲዮ በይዶ ሲጨርስ ሁልጊዜ ሦስቴ ጠብ ያደርጋል፤ ፊርማው ነው። የአባቴ ብየዳ ደግሞ እንደ ውኃ ጠብታ የለሰለሰ ነበር። ይኼኛው የማያይ ሰው ብየዳ ነው። «ትንሽ ደከመኝ እንጂ አያለሁ» እያለ ሲያታልለን የነበረ ጊዜ፣ ብቻውን ጓሮ ተቀምጦ በዳበሳ የበየዳት ናት።

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሽ ደምሴ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ስነግረው ተንሳፋፊዋን መልሶ ተቀብሎ ብዙ አያት። «ዓይኑ ሳያይ ነው እንዲህ የዘጋት? አንዲት ጠብታ አታፈስም እኮ» አለ። «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን አቃጥል ነበር።»

ዓርብ

አዲስ ተንሳፋፊ ገበያ ላይ የለችም። ጋሽ ደምሴ ጠዋቱን ሙሉ ሲደውል ዋለ፤ የለም፣ የለም፣ የለም። እኔ ሐምሌን እየቆጠርኩ ጥፍሬን በላሁ። ለጁምዓ ሄጄ ስመለስ ግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመች ማኪና ተገልጣ አገኘኋት። እንደ ሰፊዋ ያለች አሜሪካ ናት፤ የራሱ ናት። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ የሚሠራት። ኮፈኗ ተከፍቷል፣ ካርቡራተሯ ተፈትቷል።

«ጋሽ ደምሴ፣ አይሆንም! አልወስድም!»

«የኔዋ ቆማ ነው ያለችው፤ ያንቺዋ ሰው ይጠብቃታል። ለእኔ አንድ ቀን ትገኛለች» አለና የራሱን ተንሳፋፊ እጄ ላይ አስቀመጣት። ቀላል ናት፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት። ልክፈል ብል ፊቱን አዞረ። እትዬ ሰብለ «ነግሬሻለሁ፣ አትጨቅጭቂው፤ ትናንት ማታ ነው የወሰነው» አለችኝ።

ምሳ ዶሮ ቀረበ። ለካ እትዬ ሰብለ ዶሮውን ገዝታ ጎረቤታቸው ባለ ሱቁ ሸምሱ ቢስሚላህ ብሎ አርዶላታል፤ የወጡንም ድስት ከሸምሱ ቤት ተውሳ ነው ያመጣችው፣ «የእኔ ድስት የእኛን ሥጋ ነክቷል፣ ቢቀፍሽስ» ብላ። ሸምሱም አብሮን በላ። ድሬ ሁላችንም አንድ ነን እያልን እንፎክራለን፤ እውነት ነው፣ ግን ለአንዲት መንገደኛ ድስት የምትዋስ ሴት እኔ አይቼ አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሲያቀር በበርበሬው አሳበብኩ።

ከምሳ በኋላ ተንሳፋፊዋን እኔ ገጠምኳት፤ ጋሽ ደምሴ እጁን ኪሱ ከቶ እያየ። ዘይቷን ቀየርን፣ ቴርሞስታት አስገባንላት፣ የደረቁትን የቤንዚን ቱቦዎችና የፈነዳውን የራዲያተር ቱቦ ሁሉ በአዲስ ተካን። አስነሳኋት። ጢስ የለም። ኳ ኳው ደቂቃ ቆየና እየቀነሰ ጠፋ። ሸምሱ «አልሐምዱሊላህ»፣ እትዬ ሰብለ «ጌታ ይባረክ» አሉ፤ እኔ የጮኽኩትን አላስታውስም።

ከዚያ ተጨቃጨቅን። እኔ ለአባቴ ስለ ብየዳው አልነግረውም አልኩ። ለምን ይሰበር? ጋሽ ደምሴ አሮጌዋን ተንሳፋፊ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ውሰጂለት።»

«ጋሽ ደምሴ፣ ልቡን ነው የምትሰብርልኝ።»

«ባለሙያ ሰው ነው። ስህተቱን ከደበቅሽበት ልጅ አደረግሽው ማለት ነው።»

 ቦርሳዬ ሥር ከተትኳት።

ቅዳሜ

ፈተናው እንጦጦ ነበር። «እዚያ ከወጣች ደንገጎን ታወጣሻለች» አለ። እትዬ ሰብለ ከኋላ፣ ጋሽ ደምሴ ከጎኔ ሆነው ሽሮ ሜዳን አልፈን ወጣን። ያ ሁሉ ጠመዝማዛ፣ ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ፣ እሷ ግን አንዴም አልተንተፋተፈችም። እንጦጦ ማርያም ደጅ ስንደርስ አንድ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ኮፈኗን ባርከውልን አለፉ። እኔ ሙስሊም፣ ተሳፋሪዎቼ ጴንጤ፣ ምርቃቱ የኦርቶዶክስ፤ ሰፊዋ ሁሉንም ተቀበለች።

ስንወርድ ፍሬኑን እንደረገጥኩ ልወርድ ስል ጋሽ ደምሴ ጉልበቴን መታ መታ አደረገ። «የድሮ ፍሬን ከጋለ አይዝም። በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ፤ ሞተሩ ይያዛት።» ይህችን ምክር ለእኔ ብቻ አላስቀርም፤ ደንገጎን የምትወርዱ ሁሉ ስሙ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፣ ቤቱን ከነቁልፉ ትተውልኝ። ሰኞ ማለዳ ተሳስመን ተለያየን። የእትዬ ሰብለን ሹራብ ላወልቅ ስል «እዚያ ሙቀት አገር ምን ሊያደርግልኝ ነው አትበይ፤ ደጋ ላይ ትለብሺዋለሽ» ብላ አስለበሰችኝ።

ማክሰኞ፣ ድሬ

አዋሽ አድሬ፣ ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ወርጄ ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ደረስኩ። ሞተሯን አላጠፋሁም። አባቴ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ጥሩምባ አልነፋሁም፣ ምንም አላልኩም። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ሰማ። ኻሊድም በሩ ላይ ቆሟል።

«የራሷ ነው» አለ አባቴ። እንባው ዝም ብሎ ወረደ። «የራሷ ሞተር ነው። አልነካችኋትም።»

መርቼ ከሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። መሪዋን ይዞ ቆየና አንገቱን ዘንበል አደረገ። «ግን አትታነቅም። ተንሳፋፊዋን ቀይራችኋል።»

ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ወላሂ አቃተኝ። ጨርቁን ፈትቼ አሮጌዋን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ዳበሳት፣ ሦስቱን ነጠብጣብ በአውራ ጣቱ አገኛቸው፣ መዘናት።

«ከብዳለች» አለ።

«አባ፣ አንዲት ጠብታ አታፈስም። ጋሽ ደምሴ ራሱ ተገርሟል።»

«ከብዳለች፣ ነጅማ። ያኔም ጠርጥሬ ነበር። ብናገር ዓይንህ እንዴት ነው ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ስለዚህ ስታጨስም፣ ሞተሯን ስታሙትም ዝም አልኩ። እሷን አስወቀስኩ፣ እኔ ተረፍኩ።» ኻሊድ መሬት መሬት ያያል። 

 ከዚያ «አዲሷን ማን ገጠማት?» አለ አባቴ።

«እኔ።»

«አንቺ?»

«እኔ አባ። ጋሽ ደምሴ እጁን ኪሱ ከቶ ነው ያየኝ።»

እጄን ፈልጎ ያዘና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሰ፤ ጥፍሬ ሥር ጥቁር ዘይት ገና አልለቀቀም።

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ትገጥሚያታለሽ?»

«አልችልም።»

«እኔ እችላለሁ» አለ። «ነገ ፀሐይ ሳትበረታ ነይ፤ አስተምርሻለሁ።»